ሕዝብ ጉንዳን አይደለም

በዘመናችን ወደ እስያ ከተሞች የሚጓዘው ኢትዮጵያዊ በዝቷል። ነጋዴው ዕቃ ሊገዛ ወደ ጓንጁ፥ በሽተኛው ሊታከም ወደ ባንኮክና ወደ ሕንድ ይሄዳል። መሄዱ መልካም ነው፤ የማልወደው ተመልሶ የሚናገረውን ነው። በልደታ ሠፈራችን «እንኳን ደኅና ገባህ» ለማለት በተሰበሰብንበት ቤት ሁሉ የምሰማው ቃል አንድ ነው፤ «ሕዝቡ እንደ ጉንዳን ነው!» ይላሉ። ስምንት ቀን ከሆቴል ወደ ገበያ፥ ከገበያ ወደ ሆቴል የተመላለሰ ሰው በሚሊዮን ነፍስ ላይ ፍርድ ሰጥቶ ቡናውን ይጠጣል።

«ማየት ማመን ነው» ይባላል፤ ማየት ማወቅ ነው ያለ ግን የለም።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሉ በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን ተልከው ነበር። ሲመለሱም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ጻፉ፤ ስሙ ራሱ ለዚያ ሕዝብ የነበራቸውን አክብሮት ይናገራል። ቶኪዮና አካባቢዋ በመሬት መንቀጥቀጥና በእሳት ወድመው ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ካለቀ ያን ጊዜ ስምንት ዓመት ያህል ብቻ ሆኖት ነበር። በመንገዱ የሚጋፋው ሰው ሁሉ ከዚያ መዓት የተረፈ ወይም የሞተበት ነው፤ ይህ በፊቱ ላይ ተጽፎ አይነበብም።

ደግሞም እንግዳ የሚገባው ወደ እልፍኝ እንጂ ወደ ጓዳ አይደለም። ኅሩይ እዚያ ሲደርሱ የጃፓን ጦር ማንቹሪያን መውረር ከጀመረ ሁለት ወር ያህል ሆኖት ነበር። በ1929 ዓ.ም. ደግሞ ጃፓን አዲስ አበባ የነበረውን ለጋሲዮኗን ወደ ቆንስላ ለውጣ የኢጣልያን ግዛት ተቀበለች፤ ኅሩይ ያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር ስደተኛ ነበሩ። እንዲህ ያለ አስተዋይ ሊቅ በአንድ ጉዞ ሊያየው ያልቻለውን፥ ሸሚዝ ሊገዛ የሄደ ሰው በስምንት ቀን ዐወቅሁት ቢል ማን ይሰማዋል?

«ሰሎሞንስ ገብረ ጉንዳንን አመስግኖ የለምን?» የሚሉኝ አሉ። ሰሎሞን ታካቹን ወደ ጉንዳን የላከው ትጋትን እንዲማር ነው፤ የኛ መንገደኛ ግን ይህን ቃል የሚናገረው ጫማው ስለ ተረገጠ ነው። ጉንዳን ስም የለውም፤ ቢረገጥ ለቅሶ የሚቀመጥለት የለም። ሕዝብን ጉንዳን ማለት የለመደ ሰው ቤቱ ሲፈርስበት፥ ፋብሪካው ሲቃጠልበት አያዝንለትም።

እስቲ አንድ የውጭ አገር ሰው ጧት በአንድ ሰዓት በልደታ ባቡር ጣቢያ ይቁምና ይመልከተን! ከሚጋፋው ሕዝብ መካከል አንዱ ፍርድ ቤት የተቀጠረ ባለጉዳይ ነው፤ አንዲቱ የታመመ ልጇን አዝላለች፤ ሌላው ሥራ ፈላጊ ነው። እንግዳው ግን የሚያየው ጀርባችንን ብቻ ነው።

እኔ ከእንግዲህ ከጓንጁ የሚመለሰውን ጎረቤቴን ስለ ፎቁ ቁመት አልጠይቀውም። ዕቃህን ያሰረልህ ተሸካሚ ስሙ ማን ነው? የቤት ኪራይ ስንት ይከፍላል? ልጆቹስ የት ይማራሉ? እለዋለሁ። የማያውቅ ከሆነ የሸሚዙን ዋጋ ያጫውተን፤ ስለ ሕዝቡ ግን ዝም ይበል።