ያያችሁትን ጻፉ

ዘንድሮ ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ የአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የቤተ ሙከራ ደብተር ነው። በደብተሩ ላይ ሁለት ቁጥሮች በላጲስ ጠፍተው ቦታ ተለዋውጠዋል። የጠፉት ትክክል ነበሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሳሙና ሠራን። የምግብ ዘይት የኤስተሮች ድብልቅ ነው፤ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሲያፈርሰው ሳሙናና ግሊሰሪን ይወጣዋል። ዘይትና ውሃ ግን አይዋሃዱም፤ የሚገናኙት በሚነካኩበት ገጽ ላይ ብቻ ነው። ኤታኖል ሲጨመር ሁለቱን ስለሚያቀራርብ አጸግብሮቱ ይፋጠናል። ተማሪዎቹም «አልኮል የኤስተርን መፍረስ ያፋጥናል» ብለው ያዙ።

በሁለተኛው ሳምንት ኤቲል አሲቴት የተባለውን ኤስተር ወሰድን። የአንዱ ብልቃጥ አሟሚ ውሃ ብቻ፣ የሌላው ግማሹ ውሃ ግማሹ ኤታኖል ነበር። የሙቀት መጠን በ10 ዲግሪ ብቻ ቢለያይ ፍጥነቱ እጥፍ ገደማ ሊሆን ስለሚችል፣ የጅቡቲ ሙቀት እንዳያታልለን ሁለቱንም በአንድ የውሃ መዘፍዘፊያ ውስጥ አስቀመጥን። በየጥቂት ደቂቃው ናሙና እየቀዳን የቀረውን ሃይድሮክሳይድ በአሲድ ለካን። ኤታኖል ያለበት ዘገየ። ልጁ ግን «ተሳስቼ ይሆናል» ብሎ ቁጥሮቹን አቀያየራቸው።

አልተሳሳተም ነበር። ኤቲል አሲቴት በመጠኑ በውሃ ስለሚሟማ አስታራቂ አያስፈልገውም። በዚያ ላይ ኤታኖሉ ሃይድሮክሳይዱን በከፊል ወደ ኤቶክሳይድ ይለውጠዋል። ኤቶክሳይድ ደግሞ ኤቲል አሲቴትን ቢያጠቃ መልሶ የሚሰጠው ያንኑ ኤቲል አሲቴት ነው፤ ድካሙ ከንቱ ይሆናል። ከመዘግየቱ ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። በኤታኖሉ ፋንታ ዳይሜቲል ሰልፎክሳይድ የተባለው አሟሚ ከውሃ ጋር ቢቀላቀል ግን ውጤቱ ይገለበጣል። ውሃ ሃይድሮክሳይዱን ከብቦ ይይዘዋል፤ ዳይሜቲል ሰልፎክሳይድ ግን እንዲያ አያቅፈውም፤ ስለዚህ ሃይድሮክሳይዱ ነጻ ወጥቶ ኤስተሩን በፍጥነት ያፈርሰዋል።

እንግዲህ አሟሚ ዳር ቆሞ የሚያይ ተመልካች አይደለም። ሩሲያዊው ኬሚስት ኒኮላይ ሜንሹትኪን ይህንን በ1890 እ.ኤ.አ. አሳይቷል። አጸግብሮቱ የኤስተር ባይሆንም፣ አንዱን አጸግብሮት ከ20 በላይ በሆኑ አሟሚዎች ሞክሮ ፍጥነቱ በመቶዎች እጥፍ እንደሚለያይ አገኘ። የጠበቀውን ብቻ ጽፎ ቢሆን ኖሮ ይህን ባላገኘው ነበር።

ልጁን አልወቅሰውም፤ ወቀሳው ለእኔ ነው። ለዓመታት ነጥብ ስሰጥ የኖርኩት ከመጽሐፉ ጋር ለተስማማ ውጤት ነው። ተማሪ ደግሞ ብልህ ነው፤ ነጥብ ያለበትን ያውቃል።

«ልጆቹ የሚጠብቃቸው አገር አቀፍ ፈተና ነው፤ ፈተናው የሚፈልገው መልስ ነው» የምትሉኝ ወላጆች አላችሁ። ስጋታችሁ ይገባኛል። ነገር ግን «አልኮል ያፋጥናል» ብሎ የሸመደደ ልጅ ጥያቄው ትንሽ ሲለወጥበት ይወድቃል። ለምን እንደፈጠነና ለምን እንደዘገየ የገባው ግን ሁለቱንም ይመልሳል።

ከፈተናም የሚበልጥ ነገር አለ። የአገራችን ነዳጅ አብዛኛው የሚገባው በዚህች ከተማ በኩል ነው። ነገ ከልጆቻችን አንዷ የነዳጅ ወይም የመድኃኒት ናሙና መርማሪ ትሆን ይሆናል። በዚያን ቀን የምትጽፈው ያየችውን ነው ወይስ አለቃዋ የጠበቀውን?

ስለዚህ ከመጪው ዓመት ጀምሮ በቤተ ሙከራ የተማሪ ደብተር በእስክሪብቶ ብቻ ይጻፍ እላለሁ። የተሳሳተ ቁጥር በአንድ መስመር ይሰረዝ እንጂ አይጥፋ። ከነጥቡም ግማሹ ላልተጠበቀ ውጤት ምክንያት ለፈለገ ይሰጥ። እናንተ ወላጆች ደግሞ ልጃችሁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ «ስንት አገኘህ?» ከማለታችሁ በፊት «ዛሬ ምን አየህ?» ብላችሁ ጠይቁልኝ።