የጥንት ልብስና የእጅ ዕውቀት

ያለፈው ዘመን ታሪክ ሲወሳ ብዙውን ጊዜ በሰው አእምሮ የሚመጣው የድንጋይ ሐውልት፣ የብራና መጽሐፍ ወይም የነገሥታት ዘውድ ነው። የዚያ ዘመን ሰው ምን ይለብስ እንደነበረ፣ ልብሱንም እንዴት ይሠራ እንደነበረ የሚጠይቁ ግን ጥቂቶች ናቸው። ለዚህ አንዱ ምክንያት ጨርቅ በቀላሉ የሚበሰብስ መሆኑ ነው። ሌላው ምክንያት ደግሞ ከልማድ የመነጨ ነው፤ የፈታይና የሸማኔ ሥራ እንደ ድካም እንጂ እንደ ዕውቀት ሳይቆጠር ኖሯል። ይህ አስተሳሰብ ስሕተት ነው። የጥንት የልብስ ሥራ ሊመረመር የሚገባው ዕውቀት ነው፤ ምርመራውም የተሟላ የሚሆነው ዓይን ያየውን እጅ ሲሠራው ነው።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው በአንድ መርፌ ብቻ ልብስ የመሥራት ጥንታዊ ሙያ ነው። በሰሜን አውሮፓ ናልቢንዲንግ ይባላል፤ ትርጉሙም በመርፌ ማሰር እንደ ማለት ነው። ሠራተኛው ከአጥንት ወይም ከእንጨት በተሠራ መርፌ አጭር ክር ይዞ፣ ቀደም ሲል በሠራቸው ቀለበቶች ውስጥ ክሩን እስከ ጫፉ እየሳበ አዲስ ቀለበት ይሠራል። ክሩ ሲያልቅበት የሱፉን ጫፍ ከሌላ ክር ጫፍ ጋር ያገናኝና አርጥቦ በመዳፉ እያሸ ያጋጥመዋል። ሥራው ብዙ ጊዜ ቢወስድም ውጤቱ ጠንካራ ነው፤ አንዱ ቀለበት ቢቆረጥ እንደ ሹራብ አይተረተርም።

በግብጽ አገር ኦክሲሪንኩስ በተባለች ጥንታዊት ከተማ መቃብር የተገኙ፣ ከ3ኛው እስከ 5ኛው ምእተ ዓመት ባለው ጊዜ የተሠሩ ቀይ የሱፍ ካልሲዎች ዛሬ በለንደን የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይታያሉ። ከነጠላ ጫማ ጋር ለማድረግ እንዲመቹ የአውራ ጣቱ ቦታ ለብቻው ተከፍሎ ተሠርቷል። እንዲህ ያሉት የግብጽ ካልሲዎች ለረጅም ጊዜ እንደ ሹራብ ሥራ ሲቆጠሩ ቆይተዋል፤ የሁለቱ ሥራዎች ገጽ ለዓይን አንድ ዓይነት ሊመስል ይችላልና። ልዩነቱ የሚታወቀው ክሩ የሄደበትን መንገድና የተቀጠለበትን ቦታ በመከታተል ነው። ይህን ደግሞ ቀለበቱን ራሱ ሠርቶ የሚያውቅ ሰው ፈጥኖ ይለየዋል።

ጉዳዩ የሩቅ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ18ኛው ምእተ ዓመት፣ በጎንደር ነገሥታት ዘመን፣ በኢትዮጵያ ታላላቅ የቤተ ክርስቲያን መጋረጃዎች ከሐር ተሠርተው ነበር። ከነዚህ አንዱ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በእንግሊዞች ተወስዶ በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። ሌላው፣ ባለ ሦስት ክፍሉ፣ በካናዳ አገር በሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም አለ። የሁለቱም ቁመት ከ5 ሜትር በላይ ነው። የተሠሩት የዛሬው ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ በሚሠራበት ዕቃ አይደለም፤ ቀዳዳ ያላቸውን ትናንሽ ሰሌዳዎች በማዞር ነው። በየቀዳዳው ድር ይገባል፤ ሰሌዳው በዞረ ቁጥር ድሮቹ እየተገመዱ ለማጉ መንገድ ይከፍታሉ። ለጠባብ ጥብጣብ ጥቂት ሰሌዳዎች ይበቃሉ፤ ለነዚያ መጋረጃዎች ግን በመቶ የሚቆጠሩ ሰሌዳዎች አስፈልገዋል። ዛሬ ሁለቱን መጋረጃዎች በዓይኑ ለማየት የሚሻ ኢትዮጵያዊ ባሕር መሻገር አለበት። ሰሌዳ የማዞሩን ሙያ ግን በአገሩ ተቀምጦ በእጁ ሊለማመደው ይችላል።

አንዳንዶች፣ «ፋብሪካ በአጭር ጊዜ የሚያወጣውን ጨርቅ በእጅ ለመሥራት መልፋት ምን ይጠቅማል?» ይላሉ። ጥያቄው መልስ የሚገባው ነው። በእንዝርት የሚፈተል ክር ከፋብሪካ ክር ጋር በፍጥነትም ሆነ በዋጋ ሊወዳደር አይችልም። ሸማኔዎችም ለድር የፋብሪካ ክር መጠቀማቸው የሚያስነቅፍ አይደለም። ሆኖም የጥንቱን ሥራ መማር ፋብሪካውን መተው ማለት አይደለም። ፋብሪካ ልብስ ይሰጣል፤ የቀድሞ ሰዎች እንዴት ያስቡና እንዴት ይሠሩ እንደነበረ ግን አያስተምርም። ደግሞም የእጅ ሙያ አብዛኛው ክፍል በመጽሐፍ አይገኝም፤ በባለሙያው ጣቶች ውስጥ ነው። ባለሙያው ሳያስተምር ከሞተ ዕውቀቱ አብሮት ይቀበራል።

ለዚህ ዕውቀት ከፋብሪካ ይልቅ የሚያሰጋው ንቀት ነው። ሸማኔው «ቁጢት በጣሽ»፣ ብረት ሠሪው «ጠይብ» እየተባለ ይሰደብ ስለነበር፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ባለ እጅን በሙያው መስደብን ከልክለዋል። አዋጁ ቢወጣም ንቀቱ በአንድ ቀን አልጠፋም። በሙያው የሚሰደብ አባት ልጁ ያንኑ ሙያ እንዲወርስ አይመኝም። ስለዚህ ባለ እጁን ማክበር የመልካም ጠባይ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ዕውቀትን ከመጥፋት የማዳን ጉዳይም ነው።

ይህን ሥራ ለመጀመር ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ጥጥ በመዳመጫ ተዳምጦ፣ በደጋን ተነድፎ፣ ባዘቶው በእንዝርት ተፈትሎ ልቃቂት የሚሆንበትን መንገድ የሚያውቁ እናቶችና አያቶች ዛሬም አሉ። ተማሪ ከነርሱ ዘንድ ቀርቦ የየዕቃውን ስም መመዝገብ፣ የሥራውን ቅደም ተከተል መጻፍ ይችላል። ነገር ግን በመጻፍ ብቻ መቆም የለበትም፤ እንዝርቱን ተቀብሎ መሞከር አለበት። መጀመሪያ ክሩ ይበጠስበታል፤ አንዱ ቦታ ሲወፍር ሌላው ይቀጥናል። ያን ጊዜ በደብተሩ «ትፈትላለች» ብሎ በአንድ ቃል የጻፈው ሥራ ምን ያህል ዕውቀት እንደያዘ ይገነዘባል። አያቱንም የሚጠይቃት ጥያቄ ከዚያ በኋላ የተሻለ ይሆናል።