ከቃላት ጓዳ፦ «እርምጃ ተወሰደ»

 

በቀደም ዕለት አመሻሽ ላይ እዚሁ ባልባላ አንድ ሻይ ቤት ደጃፍ ተቀምጠን ሳለ፣ አንድ ወጣት የአገር ቤት ዜና ከስልኩ ያነብልን ጀመር። «በሕገ ወጦች ላይ እርምጃ ተወሰደ» ብሎ ሲጀምር፣ አጠገባችን የነበሩ አንዲት እናት ብድግ አሉ። «ገደሏቸው?» ልጁ ደነገጠ። «ኧረ እማማ፣ እርምጃ ነው እኮ የሚለው!» «እሱን እኮ ነው የምልህ ልጄ!» አሉት።

ታዲያ ማን ተሳሳተ? በእኛ አስተያየት ማንም።

እርምጃ ማለት መራመድ ነው። ሕፃን ግድግዳ ለቆ የሚሄዳት የመጀመሪያዋ እርምጃ ናት። ቤት ስንሠራም ቦታውን በእርምጃ እንለካለን። ከዚህ ብዙም ሳይርቅ ቢሮዎች ለሚያደርጉት ነገር ሁሉ «እርምጃ ወሰድን» ይላሉ፤ ይህም ያለ ነው።

ነገሩ የተበላሸው በደርግ ዘመን ነው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት 60ዎቹ የቀድሞው መንግሥት ባለ ሥልጣናትና መኮንኖች ያለ ፍርድ ተገደሉ። ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዓመታት በሬዲዮና በጋዜጣ «አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደባቸው» የሚለው ዜና እየተለመደ መጣ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ ደግሞ «ነጻ እርምጃ» የሚባል መጣ። ይህም ማለት ከሳሽም፣ ዳኛም፣ ገዳይም ያው አንድ ሰው ሆነ ማለት ነው። ሕዝቡ በየቤቱ «ረሸኑት» እያለ ሲያለቅስ፣ ዜናው «እርምጃ» ይላል።

እስቲ ዐረፍተ ነገሩን አስተውሉት። «እርምጃ ተወሰደ።» ማን ወሰደ? አይናገርም። ምን ተደረገ? አይናገርም። አስከሬኑስ የት ነው? እሱንማ ጭራሽ! የሟቹን ስም ቢጠራ እንኳ የገዳዩን ይደብቃል። ሰሚው ግን ይገባዋል፤ እንዲፈራም የተፈለገው ለዚሁ ነው።

ቃሉ እስኪፈታ 30 ዓመት ገደማ ፈጀ። የደርግ ባለ ሥልጣናት ፍርድ ቤት ሲቀርቡ የግድያ ትእዛዝ የሰፈረባቸው ወረቀቶች ማስረጃ ሆነው ወጡ። በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን በሌሉበት፣ ሌሎችንም ባለ ሥልጣናት ጨምሮ፣ በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ አላቸው። «እርምጃ» የተባለው ነገር በሕግ ፊት ስሙ ግድያ ሆነ።

ይህ የድሮ ታሪክ ብቻ ነው የሚል ካለ፣ እዚሁ ጅቡቲ የነበረውን እናስታውሰው። በ1995 ዓ.ም. ክረምት ወረቀት የሌለው የውጭ ዜጋ እስከ ነሐሴ 25 ቀን አገሩን ለቆ እንዲወጣ መንግሥት አዘዘ፤ ቀኑም ትንሽ ተራዘመ። ብዙ ሺህ ሰው ዕቃውን ሸክፎ ወጣ። ጥገኝነት ጠያቂዎችም ወደ አውር አውሳ ተወሰዱ። «ከቀነ ገደቡ በኋላ እርምጃ ይወሰዳል» ቢባል፣ ከኛ መካከል አፈሳ ብቻ ነው ብሎ የሚሰማ አለ፤ ያቺን የድሮዋን ዜና የሚሰማም አለ። በአንዲት ቃል ሁለት ዓይነት ፍርሃት!

ስለዚህ እኛ በዚህች ገጽ ላይ አንድ ልማድ ለመያዝ ተስማምተናል። ሰው ታስሮ ከሆነ «ታሰረ»፣ ተባርሮ ከሆነ «ተባረረ»፣ ተገድሎም ከሆነ «ተገደለ» ብለን እንጽፋለን፤ ማን እንዳደረገውም ካወቅን እንጨምራለን። እናንተም ለቤተሰብ ወሬ ስታደርሱ እንዲሁ አድርጉ። በተለይ ልጃቸው አገር ቤት ላለ እናት ዜና ስታነቡ፣ እስከ መጨረሻው ሳታዩ አትጀምሩ።

የዚያን ዕለቱ ዜና እስከ መጨረሻ ሲነበብ ለካ ጥቂት ሱቆች ታሽገው ኖሯል። «ታዲያ ሱቅ ታሸገ አይሉም ነበር?» አሉ እናታችን። ሻያቸውን ግን አልጨረሱትም።

ቸር ወሬ ያሰማን።