መስኖውን ከቦዩ ጫፍ እንየው

የድሬዳዋ የመስኖ ዜና ሁሌም በሄክታር ነው የሚነገረን። እኔን ግን ሄክታር አያሳምነኝም። ደቻቱ በበጋ አሸዋ ሆኖ ነው የሚከርመው፤ ስለዚህ ገበሬው ከጉድጓድ በፓምፕ ይስባል። ከተሳበው ስንቱ ሥር ጋ ደረሰ? የአፈር ቦይ በመንገድ ብዙ ይጠጣል፣ የድሬ ፀሐይም ድርሻዋን አትተውም። ፓምፑ አጠገብ ያለው ማሳ ለምልሞ የቦዩ ጫፍ ላይ ያለው ሽንኩርት ከጠወለገ፣ ለእኔ ያ መስኖ ወድቋል።

ጉድጓዱስ? እኛ ከተሜዎቹም የምንጠጣው ከከርሰ ምድር ነው፤ የሳቢያን ጉድጓዶችን አስቡ። ካላመናችሁ ደንገጎን ወጥታችሁ ስለ ሐረማያ ሐይቅ ጠይቁ። አሁን ውሃው ቢመለስም፣ ያኔ ሲደርቅ አንዱ ምክንያት ለጫትና ለአትክልት ያለ ልክ መሳቡ ነበር። ያኔም እኮ ማሳው አረንጓዴ ነበር! ስለዚህ ሪፖርቱ ላይ የጉድጓዱ ውሃ ዘንድሮ ስንት ሜትር እንደወረደ ይጻፍልን፤ ሄክታሩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።