ቀዩን አበባ በዘመዱ ስም አንፍረድበት

ሰሞኑን በመኝታ ቤቶቻችን አንድ ወሬ ይነገራል፤ ይኸውም በግቢያችን መንገድ ዳር የተተከለው ሳልቪያ የተባለው ቀይ አበባ፥ ቅጠሉ ደርቆ ቢጨስ አእምሮን ይሰውራል የሚል ነው። ወሬውን የሰሙት ጓደኞቻችን በሁለት ተከፍለዋል። አንዱ ወገን እንሞክረው ይላል፤ ሌላው ወገን ተነቅሎ ይጣል ይላል። በእኛ አስተያየት የሁለቱም ስሕተት አንድ ነው፤ ተክሉን ሳይመረምሩ በዘመዱ ስም ፈርደውበታል።

ወሬው ከምን እንደ ተነሣ ግልጽ ነው። ሳልቪያ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ዝርያዎች የሚጠሩበት የጋራ ስም ነው። ከነዚህ አንዱ በሜክሲኮ አገር የማዛቴክ ሕዝብ የባሕል ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ሳልቪያ ዲቪኖሩም ነው። ሳልቪኖሪን ኤ የተባለው ንጥረ ነገር ከዚህ ተክል ቅጠል ተለይቶ የታወቀው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1982 ዓ.ም. ነው፤ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ በአንጎል ውስጥ ካፓ ኦፒዮይድ የሚባለውን ተቀባይ እንደሚያነቃቃ ታወቀ። ከግማሽ ሚሊግራም ያነሰው እንኳ ሲጨስ፥ ሰው ያለበትን ቦታ እስኪዘነጋ ድረስ አእምሮውን ያውካል።

የግቢያችን አበባ ግን ሳልቪያ ስፕሌንደንስ ነው፤ የትውልድ አገሩም ብራዚል ነው። እርግጥ ነው፥ በውስጡ ክሌሮዳን የተባሉ፥ አጽማቸው የሳልቪኖሪንን አጽም የሚመስል ንጥረ ነገሮች አሉ። ነገር ግን በኬሚስትሪ የአጽም መመሳሰል የሥራ መመሳሰል አይደለም። ከራሱ ከሳልቪኖሪን ኤ ላይ አሴቲል የተባለችው ትንሽ ክፍል ብቻ ብትነሣ ሳልቪኖሪን ቢ ይሆናል፤ ያ ሁሉ ኃይሉም ከሞላ ጎደል ይጠፋል። ሁለት ካርቦን ብቻ ያላት ክፍል ይህን ያህል ለውጥ ካመጣች፥ ሁለት የተለያዩ ዝርያዎችን እንደ አንድ መቍጠር እንዴት ይቻላል?

ይህን ለመረዳት ሜክሲኮ መሄድ አያስፈልገንም። በየአጥሩ ሥር የሚበቅለው አስተናግር አትሮፒንና ስኮፖላሚን ያለበት መርዘኛ ተክል ነው፤ ስሙም ሥራውን ይናገራል። ሆኖም የድንችና የቲማቲም ዘመድ ነው። አስተናግርን ፈርቶ ድንች የተወ፥ ድንችንም አምኖ አስተናግር የበላ በመካከላችን የለም።

እንሞክረው ለሚሉት ደግሞ የምንለው አለን። ቀዩ አበባ አደንዛዥ አይደለም ማለት ጭሱ ጤና ነው ማለት አይደለም፤ የማንኛውም ቅጠል ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ሳንባ ያስገባል። እንደ ሻይ እየተፈላ የሚጠጣው ሳልቪያ ኦፊሲናሊስ እንኳ ቱጆን የተባለ ንጥረ ነገር አለበት፤ ዘይቱ ተለይቶ ወጥቶ በብዛት ሲጠጣ ሰውን ያንዘፈዝፋል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ተክልን ከተክል ለይቶ የማያውቅ ሰው በሳልቪያ ፈንታ ልብን የሚያውክ መርዝ ያለበትን የኦሊያንደር ቅጠል ቀጥፎ ሊሄድ መቻሉ ነው።

ስለዚህ ማኅበራችን አንድ ሥራ እንዲጀምር እንጠይቃለን። የባዮሎጂና የኬሚስትሪ ተማሪዎች ተባብረው በግቢያችን በሚገኘው በያንዳንዱ ተክል አጠገብ ስሙንና ስለ መርዝነቱ የታወቀውን የሚገልጽ ትንሽ ሰሌዳ ያቁሙ። ወጪው ጥቂት እንጨትና ቀለም ነው። አበባውም በቦታው ይቆይ፤ የሚነቀለው ወሬው ነው።