በመጽሐፈ ሄኖክ ስም ስለሚነግዱ ሰዎች

አንባቢ ሆይ፤ ይህን የምጽፈው የሊቃውንትን ወንበር ለመጋፋት አይደለም። እኔ ሠላሳ ስድስት ዓመት ጠመኔ ይዤ ልጆች ያስተማርሁ፣ አሁን ጡረታ ወጥቼ በላፍቶ የምኖር ሰው ነኝ። ነገር ግን ባለፈው ዐቢይ ጾም በጎረቤቴ ቤት የሆነው ነገር ዝም ብዬ የማልፈው አልሆነልኝም።

ጎረቤቴ ባሏ የሞተባት፣ እንጀራ እየጋገረች ለሱቆች በማስረከብ የምትተዳደር ሴት ናት። የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጇ የሚጥል በሽታ አለበት። ሐኪም ያዘዘለትን ኪኒን ሳያቋርጥ በመውሰዱ ከዓመት በላይ ሳይወድቅ ቆይቶ ነበር። አንድ «አዋቂ ነኝ» የሚል ሰው ግን አምስት ሺህ ብር ተቀብሎ በቆዳ የተሰፋ ክታብ አንጠለጠለለት። «ይህ ከመጽሐፈ ሄኖክ የወጣ የመላእክት ስም ነውና ከኪኒን ጋር አብሮ አይሄድም» ብሎ መድኀኒቱን አስጣላት። ልጁ በዘጠነኛው ቀን ከምጣዱ አጠገብ ወደቀ፤ ቀኝ ክንዱም እስከ ክርኑ ተቃጠለ።

እናቲቱ የክታቡን ስፌት ፈትታ ወረቀቱን ወደ እኔ ያመጣችው ከዚህ በኋላ ነው። ያመጣችውም ሰውየውን ልትከስ አይደለም። «ጋሼ፣ ምናልባት አጻጻፉ ተሳስቶ እንደሆነ እስቲ ይዩልኝ፤ ከተሳሳተ ያርሙልኝ» አለችኝ። እኔ በሕይወቴ ብዙ ደብተር አርሜአለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን ቀርቦልኝ አያውቅም።

ወረቀቱን አነበብሁት። ሰምያዛ፣ ጣሚኤል፣ ራሙኤል፣ አዛዝኤል ይላል። ስሞቹ በእርግጥ ከሄኖክ የወጡ ናቸው፤ በዚህ ሰውየው አልዋሸም። ይሁን እንጂ እነዚህ ጠባቂ መላእክት አይደሉም። መጽሐፉ በምዕራፍ ስድስት ሁለት መቶ ሆነው በመሐላ ተስማምተው በአርሞንኤም ተራራ የወረዱትን፣ ከሰው ሴቶች ልጆች ጋር የረከሱትን ይተርካል፤ ከዚያም አለቆቻቸውን በየስማቸው ይቈጥራል። ልጁ በአንገቱ ተሸክሞ የከረመው የተፈረደባቸውን ወንጀለኞች መዝገብ ነው! ደግሞም የኀጢአታቸው ዝርዝር ምንድን ነው? ምዕራፍ ሰባትና ስምንት እንደሚነግሩን አዛዝኤል ሰይፍና ጋሻ መሥራትን፣ አንባርን፣ ኩል መኳልን አስተማረ፤ ሌሎቹም አስማትን፣ የከዋክብት ጥንቆላንና ሥር መቍረጥን አስተማሩ። ሥር ማሽ ቅጠል በጣሽ የምንለውን ሰው ሥራ ከሰማይ በወረዱ አመፀኞች ያሳበበ መጽሐፍ ቢኖር ይህ ነው። እንግዲህ ጠንቋይ በሄኖክ ስም ሲነግድ፣ ሌባ የተፈረደበትን የፍርድ ወረቀት ይዞ «ይኸው የንግድ ፈቃዴ» ብሎ በገበያ እንደሚያሳይ ነው።

ታዲያ ይህ ማታለል እንዴት ሊሳካ ቻለ? መጽሐፉን ማንም ስላላነበበው ነው። ላለመነበቡም እኔ ራሴ ዕዳ አለብኝ። በልጅነቴ ከአባቴ ደጅ ዳዊት ከደገምሁ በኋላ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባሁ። በዚያ አንድ የባሕር ማዶ መምህር ሄኖክን «የግዙፋን ሰዎች ተረት» እያለ ያስቀን ነበር። እኔም መምህር በሆንሁ ጊዜ ያንኑ ሳቅ ወርሼ ልጆቹን አሳቅሁ። መጽሐፉን ግን አንድ ገጽ አልገለጥሁም ነበር። የይሁዳ መልእክት በዐሥራ አራተኛው ቍጥር ሄኖክን በስሙ ጠርቶ ትንቢቱን እንደሚጠቅስ እያወቅሁ እንኳ አልገለጥሁም። ያላነበቡትን መናቅ ዕውቀት መስሎኝ ነበር።

የፈረንጆቹ ሊቃውንት ግን አላሳቁበትም። ጄምስ ብሩስ ከአገራችን ይዞ የሄደውን ሦስት ቅጂ በ1773 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር አውሮፓ ካደረሰ በኋላ፣ የኦክስፎርዱ ላውረንስ በ1821 ወደ እንግሊዝኛ መለሰው፤ ጀርመናዊው ዲልማን በ1851 የግዕዙን ንባብ አሳተመ። ከዚያም በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን፣ በ1952 በተገኘው አራተኛ ዋሻ ውስጥ፣ የዐሥራ አንድ ቅጂዎች ቍርጥራጭ በአራማይክ ቋንቋ ተገኘ፤ ሚሊክ የተባለው ሊቅ በ1976 አሳተመው። በዚህም መጽሐፉ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአይሁድ ዘንድ ይነበብ እንደነበረ ታወቀ። ሙሉው አንድ መቶ ስምንት ምዕራፍ ግን ዛሬም የሚገኘው በግዕዝ ብቻ ነው።

ይህን የሰማ ወገናችን ወዲያው ደረቱን ይነፋል። «ዓለም የጣለውን እኛ ጠበቅን!» ይላል። እውነት ነው፤ አባቶች ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው ጠብቀውታል። አንተ ግን ወንድሜ፣ ስንት ምዕራፍ አንብበሃል? ጎተራው ሙሉ ጤፍ ሆኖ ጦሙን የሚያድር ሰው በጎተራው ሲኰራ ብታይ ምን ትለዋለህ? እንደ እኔ የሳቀበትና እንደ አንተ የኰራበት ሁለቱም መጽሐፉን ዘግተው ለጠንቋዩ አስረከቡት።

ሌላም ነጋዴ መጥቷል። የወረዱት መላእክት ከሌላ ዓለም በብረት መርከብ የመጡ ፍጡራን ናቸው እያለ ለወጣቶች የሚሰብክ ነው። በዚህ ላይ ብዙ ቀለም አላባክንም። የሚያሳዝነኝ ግን ልዩ ልዩ መጻሕፍትን አንድ ላይ መፍጨቱ ነው። ከእኛው ሌላ በስላቭ ቋንቋ የተገኘ «ሁለተኛ ሄኖክ»፣ በዕብራይስጥም የተጻፈ «ሦስተኛ ሄኖክ» የሚባሉ አሉ። ሄኖክ ወደ ሰማይ ወጥቶ ሜጣጥሮን የሚባል ታላቅ መልአክ ሆነ የሚለው የዕብራይስጡ ነው፤ እርሱም ከእኛው ብዙ መቶ ዓመት ዘግይቶ በአይሁድ የምሥጢር ሊቃውንት ዘንድ የተጻፈ ነው። በግዕዙ ሄኖክ ውስጥ ሜጣጥሮን የሚባል ስም የለም። ሰባኪው ከሦስቱ የፈለገውን እየቈነጠረ «ኢትዮጵያ የደበቀችው ምሥጢር» ሲል፣ አድማጩ ገልጦ ማየት ስለማይችል እልል ይልለታል።

«መጽሐፉ ለሊቃውንት እንጂ ለጋጋሪ ሴት አይደለም፤ ተራው ሕዝብ ቢያነበው ይሰናከላል» የሚሉኝ ሽማግሌዎች አሉ። አከብራቸዋለሁ። የእኛ መምህራን በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ ስድስት «የእግዚአብሔር ልጆች» የተባሉትን ደቂቀ ሴት ናቸው ብለው እንደሚተረጕሙ፣ ንባብ ያለ ትርጓሜ አደገኛ እንደሆነም ዐውቃለሁ። ይሁን እንጂ ያቺ ሴት መቼ አነበበችና ተሰናከለች? የተሰናከለችው ባለማንበቧ ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በመጽሐፈ ሚላድ ሄኖክን ምስክር አድርገው ሲያቀርቡ፣ በዚያው ዘመናቸው ጠንቋዮችን አጥብቀው ይዋጉ ነበር። ለእርሳቸው ሄኖክን መውደድና ጥንቆላን መጥላት አይጣሉም ነበር።

በመጽሐፉ ውስጥ እኔንም የከረከረኝ ቦታ አለ። ምዕራፍ ስልሳ ዘጠኝ ላይ ጴኔሙኤ የተባለው በቀለምና በወረቀት መጻፍን ለሰው አስተምሮ ብዙዎችን አሳተ ይላል። ዕድሜውን ሙሉ ፊደል ላስቈጠረ ሰው ይህ የሚዋጥ አይደለም። ደግሞ ሄኖክ ራሱ በዚያው መጽሐፍ ጸሐፌ ጽድቅ ተብሏል። ይህን እንዴት እንደማስታርቀው ብዙ ሌሊት አስቤአለሁ፤ የጎረቤቴን ወረቀት ካየሁ ወዲህ ግን ጴኔሙኤን የከሰሰውን ሰው በጥቂቱ ተረዳሁት።

መጨረሻው ክፍል፣ ከዘጠና አራት ጀምሮ ያለው፣ ለምን በክታብ እንደማይጻፍ ግን ግልጽ ነው። እዚያ የሚነበበው በሰው ድካም ቤታቸውን ለሚሠሩ፣ ደካማውን ረግጠው ለሚበለጽጉ የተነገረ ወዮታ ነው። ይህን ጽፎ በለቡ አዲስ ፎቅ በር ላይ የሚያንጠለጥል አዋቂ እስካሁን አላየሁም፤ አምስት ሺህ ብር የሚከፍልበትም የለም።

ልጁ ወደ ኪኒኑ ተመልሷል፤ ክንዱም እየሻረ ነው። ወረቀቱን «ስም ያለበት አይቃጠልም» ብላ ስለ ፈራች ከእኔ ዘንድ ተወችው፤ በመሳቢያዬ ውስጥ አለ። ሐሙስ ሐሙስ ጋግራ ስትጨርስ ወደ ቤቴ ትመጣለች፤ እኔ ግዕዙን እያነበብሁ በአማርኛ እነግራታለሁ። ባለፈው ሳምንት ምዕራፍ ስምንትን ጨርሰናል። ኩል መኳል ከአዛዝኤል ነው ስላት ሳቀች፤ ሥር መቍረጥ ላይ ስንደርስ ግን «ጋሼ፣ ያንን ይድገሙልኝ» አለችኝ።