የነፍሰ ጡሯ እንቅልፍ የቤተሰቡም ጉዳይ ነው

በሀገራችን አንዲት ሴት ማርገዟ ሲታወቅ መጀመሪያ የሚታሰበው ምግቧ ነው። «ምን አማራት?» ይባላል፤ አጥሚቱና ገንፎው ይዘጋጃል። ይህ መልካም ልማድ ነው። «እንቅልፍሽስ እንዴት ነው?» ብሎ የሚጠይቃት ግን ብዙም አይገኝም። እሷ ራሷ «ዓይኔን ሳልከድን ነጋ» ብትል እንኳ «ያለ ነው፣ ቻይው» ትባላለች። በእኔ አመለካከት ይህ መልስ ሊቀር ይገባዋል። የነፍሰ ጡር እንቅልፍ ማጣት አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቅ ምክንያት አለው። ብዙው እቤት ውስጥ ሊቃለል የሚችል ሲሆን፣ አንዳንዱ ደግሞ ሐኪም ሳይዘገይ ሊያየው የሚገባ የሕመም ምልክት ነው።

በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን ስለሚጨምር ቀን ቀን እንቅልፍ ይጫጫናታል፤ ሌሊት ደግሞ ሽንት ደጋግሞ ይቀሰቅሳታል። እርግዝናው ሲገፋ ቃር፣ የወገብ ሕመምና የባት ጡንቻ መኮማተር ይታከላሉ። ውኃን ቀን ላይ በደንብ ጠጥቶ ወደ መኝታ ሰዓት መቀነስ ሽንቱን ያስታግሳል። በብዙ ቤት እራት አምሽቶ ይቀርባል፤ በርበሬ የበዛበት ወጥ ተበልቶ ወዲያው ይተኛል። ቃር ያለባት እናት እራቷን ከመኝታ 2 ወይም 3 ሰዓት ቀደም ብላ፣ መጠነኛና ቅመም ያልበዛበት አድርጋ ብትበላ፣ ስትተኛም ትራሷን ከፍ ብታደርግ ይሻላታል።

ስለ ቡናም መነጋገር አለብን። በእርግዝና ወቅት ካፌይን ከሰውነት የሚወጣው ከወትሮው በዘገየ ፍጥነት ነው። ነፍሰ ጡሮች በቀን ከ200 ሚሊ ግራም በላይ ካፌይን እንዳይወስዱ ይመከራል፤ ሻይም በዚሁ ይቆጠራል። ስለዚህ ጎረቤት ተሰብስቦ ከሰዓት በኋላ ቡና ሲፈላ አቦል፣ ቶናና በረካውን ካልጠጣሽ ብሎ መጫን ፍቅር አይደለም። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ ደግሞ ሰውነት ብረት የተባለውን ንጥረ ነገር በሚገባ እንዳያገኝ ያደርጋሉ። የብረት እጥረት ሌሊት እግርን እረፍት ከሚነሱ ምክንያቶች አንዱ ነው። የተሰጣት የብረት እንክብል ሆዷን ያወካት እናትም ዝም ብላ ከማቋረጥ ለጤና ባለሙያው ብትነግር መፍትሔ ታገኛለች። ጫትማ ጨርሶ መቅረት አለበት፤ እንቅልፍን ያባርራል፣ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ ልጁም ክብደቱ አነስተኛ ሆኖ ከመወለድ ጋር ተያይዞ ይነሳል።

አተኛኘትም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ከ28ኛው ሳምንት ጀምሮ በጀርባ መተኛት አይመከርም። የማሕፀን ክብደት ወደ ልብ ደም የሚመልሰውን ትልቅ የደም ሥር ይጫናል፤ ጥናቶችም ይህን አተኛኘት ከሞቶ መወለድ አደጋ ጋር አያይዘውታል። በግራም ሆነ በቀኝ ጎን መተኛት ይቻላል። ሌሊት ስትነቃ በጀርባዋ ሆና ብታገኘው መደንገጥ የለባትም፤ ወደ ጎኗ መዞር ይበቃል። በጉልበቶቿ መካከልና በሆዷ ሥር ትራስ፣ ከሌለም የታጠፈ ጋቢ ብታደርግ ወገቧ ያርፋል።

ይህ ሁሉ ግን የቤቱ ሥራ በሙሉ በእሷ ላይ ተጭኖ እያለ ብዙ አይረዳም። ሌሊት የሚያለቅሰውን ታላቅ ልጅ አባቱ ተነስቶ ቢያባብለው ምን ይጎዳል? አማትስ «ትንሽ ጋደም በይ» ብትላት? ረመዳንን እንመልከት። ለራሷ ወይም ለፅንሱ የምትሰጋ ነፍሰ ጡር እንድታፈጥር ተፈቅዶላታል። ሆኖም ባትጾምም እንኳ ሱሑር ለማዘጋጀት ከሁሉም ቀድማ የምትነሳው ብዙ ጊዜ እሷው ናት። ምግቡን አመሻሽ ላይ አዘጋጅቶ ማሳደር፣ ሌሊት ማሞቁን ደግሞ ለሌላ ሰው መተው ይቻላል። ጾሙ ቀርቶላት እንቅልፏን መንሳት ተገቢ አይመስለኝም።

በመጨረሻም «ያለ ነው» የማይባሉትን እንለይ። ሽፍታ ሳይኖር መዳፍንና የውስጥ እግርን ሌሊት አጥብቆ የሚያሳክክ ከሆነ የጉበት ችግር ሊሆን ስለሚችል መመርመር ያስፈልጋል። ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ ድንገተኛ እብጠት የደም ግፊት ምልክቶች ሊሆኑ ይችላሉ። የፅንሱ እንቅስቃሴ ከቀነሰም «ይንጋና አየዋለሁ» አይባልም፤ በእነዚህ ሁሉ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው። ትንፋሽን የሚቆራርጥ ማንኮራፋትና ለሳምንታት ከሐዘን ጋር የዘለቀ እንቅልፍ ማጣትም በክትትል ቀን ይነገር። የእንቅልፍ መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ገዝቶ መዋጥ ግን ፈጽሞ አይገባም።

እንግዲህ ባሎች፣ እናቶች፣ አማቶች፣ ዛሬ ማታ «ምን አማረሽ?» ስትሉ «እንዴት አደርሽ?» የሚለውንም ከልብ ጠይቁ፤ መልሱንም አዳምጡ። አላህ ነፍሰ ጡር እህቶቻችንን በሰላም ያገላግላቸው።